ሞትሊ ክሩ፦ ከዘጠኙ አልበሞች ከየትኛው ይጀመራል?

የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የሞትሊ ክሩን ታሪክ የሚተርከውን የ2019ኙን የኔትፍሊክስ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ሰዎቹስ ጉድ ናቸው፤ ሙዚቃቸውን ከየት ልጀምር?» ለብዙ ባንዶች መልሱ ቀላል ነው፤ የታወቀውን አልበም ትጠቁማለህ፣ አለቀ። ለሞትሊ ክሩ ግን እንዲያ አይሆንም። ባንዱ ከ1981 እስከ 2008 ዘጠኝ የስቱዲዮ አልበሞች አውጥቷል (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ከዘጠኙ ሳይዘለሉ ከዳር እስከ ዳር የሚደመጡት በእኔ ጆሮ ሦስት ናቸው፤ ቸር ከሆንኩ አራት። በቀሩት ውስጥ ሁለት ሦስት የሚያበሩ ዘፈኖች አሉ፤ ሌላው ቦታ መሙያ ነው። በማይሆነው የጀመረ ሰው «ይኼ ነው እንዴ?» ብሎ በዚያው ይተወዋል። ሲተውም አይቻለሁ።

ከምርጫው በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። አብዛኞቹን ዘፈኖች የሚጽፈው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ኒኪ ሲክስ ነው። አንድ አልበም ጥሩ ይሁን አይሁን ለመገመት ሲክስ በዚያ ዓመት ምን ላይ እንደነበር ማየት ይበቃል። ሲርበው ጥሩ ጻፈ፤ ሄሮይን ሲገዛው ሰነፈ፤ ከሱሱ ሲላቀቅ ደግሞ የዕድሜውን ትልቅ ሥራ ሠራ። ከዚህ በታች የማወዳድረው ሁሉ እዚህች ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሌሎቹ ሦስቱም የየራሳቸውን ይዘው መጥተዋል። ከበሮ መቺው ቶሚ ሊ ከሲክስ ጋር ባንዱን የመሠረተ ነው። ጊታሪስቱ ሚክ ማርስ የተገኘው ራሱ ባወጣው የጋዜጣ ማስታወቂያ ነው፤ ጯሂ፣ ባለጌና ኃይለኛ ጊታር ተጫዋች አለሁ የሚል። ከሌሎቹ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ይበልጣቸዋል፤ በዚያ ላይ አከርካሪን እያደረቀ የሚሄድ በሽታ ከወጣትነቱ ጀምሮ አብሮት ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ሜካፕና ጫጫታ ሥር የሚሰማው ከባድ ጊታር የእሱ ነው። መጨረሻ የገባው ድምፃዊው ቪንስ ኒል ነው፤ ድምፁ ቀጭን፣ ወደ አፍንጫ የሚያደላ። ሰው ይህን ድምፅ ወይ ይወደዋል ወይ ይጠላዋል፤ መሐል ላይ የቆመ አላጋጠመኝም። ከጠላችሁት ለእናንተ የሚሆን አንድ አልበም ብቻ አለ፤ እደርስበታለሁ።

በነገራችን ላይ፣ በስማቸው የላቲን ጽሕፈት ላይ የተደረደሩት ነጠብጣቦች ከጀርመኑ የሎዌንብሮይ ቢራ ስም የተወሰዱ ጌጦች ናቸው። ድምፅ አይለውጡም። በእኛ ፊደል ሲጻፍ የጎደለ ነገር የለም።

ዋናው ፉክክር፦ 1981፣ 1983 ወይስ 1989?

የመጀመሪያው አልበም «ቱ ፋስት ፎር ላቭ» የወጣው በ1981 መጨረሻ ነው፤ ያሳተሙትም ራሳቸው፣ «ሌዘር ሬኮርድስ» ባሉት በገዛ ድርጅታቸው። በርካሽና በጥድፊያ እንደተቀዳ አይደበቅም። ከበሮው ካርቶን ሲመታ ይመስላል፣ ጊታሩ ሳስቷል። ዜማዎቹ ግን! ከቆዳ ልብሱና ከጸጉሩ ሥር የተደበቀው የስድሳዎቹና የሰባዎቹ ጣፋጭ ፖፕ ነው፤ በሎስ አንጀለሱ ጎዳና በሰንሰት ስትሪፕ የምሽት ክበቦች፣ በነዊስኪ አ ጎ ጎ መድረክ እየተጋፉ ያደጉ ልጆች ፍጥነት ተጨምሮበት። መክፈቻው «ላይቭ ዋየር» ዛሬም ቢሆን አንገት ያስነቀንቃል። ይህ የተራበ ሰው አልበም ነው።

እዚህ ጋ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ፤ አልበሙ ሁለት መልክ አለው። በ1982 ኤሌክትራ የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ባንዱን ሲያስፈርም ቅጂውን እንደገና ሚክስ እንዲያደርገው ለሮይ ቶማስ ቤከር ሰጠው፤ የኩዊንን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ለሠራው ሰው። ድምፁ ተጠረገ፣ ከዘፈኖቹም «ስቲክ ቱ ዩር ገንስ» ተቀነሰ። ዛሬ በየመተግበሪያው የምታገኙት ይህንን የኤሌክትራውን ነው። እኔ የፊተኛውን፣ ሻካራውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ለጀማሪ በልዩነቱ ገንዘብ ማውጣት ትርፍ ነው። የ1981ዱ ሸክላ የሰብሳቢዎች ዕቃ ሆኗል። የግድ መስማት ያማረው ሰው በ2003 በወጣው የሲዲ ስብስብ ውስጥ ያገኘዋል።

«ሻውት አት ዘ ዴቭል» በ1983 መጣ። በዚያው ዓመት በሜይ መጨረሻ ባንዱ በካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ፣ የአፕሉ ስቲቭ ዎዝኒያክ ባዘጋጀው የዩኤስ ፌስቲቫል የሄቪ ሜታል ቀን ላይ ተጫውቶ ነበር፤ ከክበብ ወደ ባሕር መሰል ሕዝብ በአንድ ጊዜ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለኦዚ ኦስበርን መድረክ ከፋች ሆኑ። አልበሙ የዚህን ዘመን ትዕቢት ይዟል። ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ክብደቱ ጨመረ። የሚክ ማርስ ጊታር ቦታውን ያገኘው እዚህ ነው፤ የቶሚ ሊ ከበሮም ሆድ ውስጥ ይገባል። የርዕሱ ዘፈን አዝማች ስታዲየም ሙሉ ሰው እንዲጮኸው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። «ሉክስ ዛት ኪል» እና «ቱ ያንግ ቱ ፎል ኢን ላቭ» ምንም አይወጣላቸውም። የቢትልስን «ሄልተር ስኬልተር» ደግሞ እንዳለ ወደ ራሳቸው ሰፈር አምጥተውታል።

ስለ ርዕሱና ስለ ሽፋኑ ላላንሳው አልችልም፣ ምክንያቱም ቤተሰብ ጋር ሆኖ ለሚያደምጥ ሰው ጉዳይ ነው። የሸክላው ሽፋን ጥቁር በጥቁር ላይ የተሣለ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነበር፤ በአሜሪካ ከሃይማኖት ሰዎች ክስ አመጣባቸው። ርዕሱ ሲተረጎም ግን «ሰይጣን ላይ ጩኹበት» ነው እንጂ ስገዱለት አይደለም። አብዛኛው ትርኢት ነው፤ አስፈሪ ልብስ የለበሱ የሰፈር ጎረምሶች። ቢሆንም ሽፋኑን አይታ እናት ብትቆጣ አልፈርድባትም።

የሦስተኛውን ተፎካካሪ ለመረዳት ወደ ዲሴምበር 23፣ 1987 መመለስ ግድ ነው። በዚያች ሌሊት ኒኪ ሲክስ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከመጠን በላይ ሄሮይን ወስዶ ወደቀ። ሞቷል ተባለ፤ እሱ ራሱ እንደሚተርከው የአምቡላንስ ሠራተኛ አድሬናሊን ወግቶ መለሰው። «ኪክስታርት ማይ ሃርት» ከዚያ የተወለደ ዘፈን ነው። ባንዱ ወደ ማገገሚያ ገባ፣ ከዚያም በካናዳ ቫንኩቨር ወዳለው ሊትል ማውንቴን ስቱዲዮ ሄዶ በፕሮዲውሰሩ በቦብ ሮክ እጅ ወደቀ። ሮክ አራቱ ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚሉ ሰዎች መሆናቸውን ስለተረዳ እያንዳንዱን ለየብቻ እያስገባ ቀዳቸው። አጠገባቸው ባለው ክፍል ኤሮስሚዝ ይቀዱ ነበር፤ ስቲቨን ታይለር ብቅ ብሎ በአጃቢ ድምፅ ረድቷቸዋል። «ዶክተር ፊልጉድ» በሴፕቴምበር 1989 ወጣ፣ የአሜሪካውን የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ መራ። ሌላ አልበማቸው እዚያ ደርሶ አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ የስድስት ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ አግኝቷል። የርዕሱ ዘፈን በነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ ላይ 6ኛ ወጣ፣ እሱም የምንጊዜም ከፍተኛቸው ነው።

የዚህ አልበም ድምፅ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ማስረጃ ይበቃል፦ ሜታሊካዎች ሰምተውት ቦብ ሮክን ለ1991ዱ ጥቁር አልበማቸው ቀጠሩት። የጥቁሩን አልበም ከበሮ የምታውቁ ከሆነ ወላጁ ይህ ነው።

ታዲያ ከሦስቱ የቱ? በአሠራር ጥራት ከሄድን 1989ን የሚነካው የለም። በዜማ ከሄድን 1981 ይቀድማል ብዬ እከራከራለሁ፤ ጥቂት ሰው ነው የሚስማማኝ። ባንዱን ባንድ ያደረገው ጠረን ግን ያለው 1983 ላይ ነው። «ዶክተር ፊልጉድ» ላይ መሐል አካባቢ የሚንጠባጠቡ ሁለት ሦስት ዘፈኖች አሉ፣ ድምፁ ስለሚያምር ብቻ የሚታለፉ። «ሻውት» ላይ ደግሞ በንግግር የሚጀምር መግቢያና ለሳቅ የቀረበ አጭር የጊታር ማለፊያ አለ፤ እነሱን ከዘለላችሁ የቀረው ጥይት ነው።

ለጀማሪ የምመክረው 1983ን ነው። ምክንያቱ ጥራት አይደለም፣ ቅደም ተከተል ነው። በ1989ኙ የጀመረ ጆሮ ወደ ኋላ ሲሄድ ሁሉም ቀጥኖና ደርቆ ይሰማዋል። ከ1983 የተነሳ ሰው ግን ወደ ኋላ ሁለት ዓመት ቢሄድ ጥሬውን ያገኛል፣ ወደ ፊት ስድስት ዓመት ቢሄድ የተከሸነውን። ለዚህ የተለየ ሐሳብ ያለኝ ለአንድ ዓይነት አድማጭ ብቻ ነው፦ ቦን ጆቪንና ዴፍ ሌፐርድን የለመደ፣ የተወለወለ ድምፅ ካልሆነ የማይሆንለት ሰው ቀጥታ ወደ 1989 ይግባ፤ እዚያው ቢቀርም ብዙ አይጎዳም።

ስኬት ያላቸው ደካሞች፦ 1985 እና 1987

«ቲያትር ኦፍ ፔይን» እና «ገርልስ፣ ገርልስ፣ ገርልስ» ብዙ ተሸጡ፣ እያንዳንዳቸው በአሜሪካ የአራት ሚሊዮን ማረጋገጫ አላቸው። ሽያጭን አይታችሁ እንዳትሳሳቱ።

የ1985ቱ የተሠራው በሐዘን ጥላ ሥር ነው። በዲሴምበር 1984 ቪንስ ኒል ጠጥቶ ሲነዳ በደረሰው አደጋ፣ አብሮት የነበረው የሃኖይ ሮክስ ከበሮ መቺ ራዝል ሞተ፤ በሌላው መኪና የነበሩ ሁለት ሰዎችም ክፉኛ ተጎዱ። ኒል የተፈረደበት የ30 ቀን እስርና የ2.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ነበር። ፍርዱ ቀላል ነው ያለ ሰው አልተሳሳተም። ባንዱ በዚህ መካከል ጥቁሩን ቆዳ አውልቆ በሚያብለጨልጭ ጨርቅና በሜካፕ ብቅ አለ፤ ዛሬ ሰው «ግላም ሜታል» ሲል በዓይኑ የሚመጣው ያ መልክ ነው። ሙዚቃው ግን ልብሱን አላከለም። ሲክስ ራሱ በኋላ አልበሙን አጣጥሎታል። የሚቀሩት ሁለት ናቸው፦ ከብራውንስቪል ስቴሽን የተዋሱት «ስሞኪን ኢን ዘ ቦይስ ሩም» እና «ሆም ስዊት ሆም»። ሁለተኛው በፒያኖ የሚጀምር፣ ከመንገድ ወደ ቤት የሚናፍቅ ሰው ዘፈን ነው። በነጠላ ዜማ ሰንጠረዥ ከ89ኛ አልዘለለም፤ በኤምቲቪ ግን ተመልካች አስመርጦ አስመርጦ አሰለቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ባለ ረጅም ጸጉር ባንድ አንዲት ለስለስ ያለች ዘፈን አልበሙ ውስጥ ካላስገባ የማይወጣ ሆነ።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀርብ ትንሽ ታሪክ አለ። ይህ አልበም ሊወጣ ሲል፣ በሜይ 1985፣ ድምፃዊው ሮኒ ጄምስ ዲዮ አርባ ያህል የሄቪ ሜታል ሙዚቀኞችን ሆሊውድ ውስጥ ሰብስቦ «ሂር ኤን ኤይድ» የተባለውን የዕርዳታ ዘፈን አስቀዳ፤ በአፍሪካ በረሃብ ለተጎዱ፣ ማለትም በዋናነት ያኔ በዓለም ቴሌቪዥን ለሚታየው በእኛው የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለተጎዳው ወገን። በአጃቢዎቹ መካከል ቪንስ ኒልና ሚክ ማርስ ቆመዋል። የማይክል ጃክሰኑን ዘፈን ሁላችን እናውቃለን፤ ይህችኛዋን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ግን ስፈልግ ዓመታት ቆይቻለሁ።

የ1987ቱ ከ1985ቱ ይሻላል። ቆዳውና ሞተር ሳይክሉ ተመለሱ፣ «ዋይልድ ሳይድ» ከምርጦቻቸው አንዱ ነው፣ የርዕሱም ዘፈን በሞተር ሳይክል ጩኸት ተጀምሮ ሳያሳፍር ያልቃል። ከእነዚህ በኋላ ግን ሲክስ የት እንደነበር ይሰማል፤ ዘፈን አልቆባቸው መጨረሻውን በመድረክ በተቀዳ የኤልቪስ ዘፈን ሞልተውታል። በሰንጠረዡ 2ኛ ሆኖ የቀረው ዊትኒ ሂዩስተን በሁለተኛ አልበሟ አንደኛነቱን ይዛ ስላላስነካች ነው። እውነቱን ለመናገር ዊትኒ ይገባታል።

የእንጀራ ልጁ፦ 1994

በ1992 ቪንስ ኒል ከባንዱ ወጣ። ተባረረ ወይስ ለቀቀ የሚለው እንደ ተናጋሪው ይለያያል። በቦታው ጆን ኮራቢ ገባ፤ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ያለው፣ ጊታርም የሚጫወት። በ1994 የወጣው አልበም የባንዱን ስም ብቻ ነው የያዘው፤ ፕሮዲውሰሩም እንደገና ቦብ ሮክ ነው። በሰንጠረዡ 7ኛ ሆኖ ጀመረና ወዲያው ተንሸራተተ። ከ1991 በኋላ በኒርቫና የተነሳው ማዕበል የእነዚህን ባንዶች ጸጉር በአንድ ጀምበር ላጭቶት ነበር፤ ከዚያም በላይ የድሮ ደጋፊው «ያለ ቪንስ አልሰማም» አለ። ጉብኝቱ ሰው አጣ።

አልበሙ ግን ጥሩ ነው። እንዲያውም ስማቸው ሳይነገረው ያስደመጥኩት አንድ ወዳጄ «ይኼ ከሲያትል፣ ከነኒርቫና ሰፈር ነው?» ብሎኛል። ሚክ ማርስ በሙያው ሁሉ እንዲህ ከባድ ሆኖ አያውቅም። ሳውንድጋርደንንና አሊስ ኢን ቼይንስን የሚወድ፣ የቪንስን ድምፅ ደግሞ የማይችል ሰው በዚህ ይጀምር፤ በዚህም ይጨርስ፣ ምክንያቱም ሌላ እንደሱ ያለ የላቸውም። «ቸር ከሆንኩ አራት» ያልኩት አራተኛው ይህ ነው።

የቀሩት ሦስቱ

በፍጥነት ልለፋቸው። «ጄነሬሽን ስዋይን» (1997) ቪንስ የተመለሰበት ነው፤ ግን ዘመኑን ለመምሰል በኤሌክትሮኒክ ጫጫታ ተለውሷል፤ የራሳቸውን የ1983 ዘፈን እንኳ ሳይቀር እንደገና ሠርተው አበላሽተውታል። «ኒው ታቱ» (2000) ላይ ቶሚ ሊ የለም፤ በቦታው የኦዚ ከበሮ መቺ የነበረው ራንዲ ካስቲዮ ነው፤ እሱም በ2002 በሕመም ዐረፈ። ሥራው ቅን ነው፣ የሚታወስ ዜማ ግን የለውም። «ሴይንትስ ኦፍ ሎስ አንጀለስ» (2008) ከሦስቱ ይሻላል፤ አራቱም አሉበት፣ የርዕሱ ዘፈን ከድሮዎቹ ጎን ቢቆም አያፍርም። ፊልሙን አይታችሁ የሰንሰት ስትሪፕ ታሪክ በዘፈን እንዲተረክላችሁ ከፈለጋችሁ ይህን ጨምሩ፤ መጀመሪያ ግን አታድርጉት።

ስብስብ መግዛት ያዋጣል?

ለረጅም መንገድ መኪና ውስጥ የሚሆን ነገር ብቻ ለሚፈልግ፣ አዎ። የ1991ዱ «ዲኬድ ኦፍ ዴከደንስ» በጊዜው 2ኛ ደርሷል፣ «ፕራይማል ስክሪም»ንም የሚያህል አዲስ ዘፈን ይዟል። ችግሩ አንዳንዶቹ የታወቁ ዘፈኖች በመጀመሪያ መልካቸው አለመኖራቸው ነው፤ «ኪክስታርት ማይ ሃርት» በመድረክ የተቀዳው ነው፣ «ላይቭ ዋየር» እንደገና ሚክስ ተደርጓል፣ «ዊዝአውት ዩ» ጨርሶ የለም። የ2005ቱ ባለ ሁለት ሲዲ «ሬድ፣ ዋይት ኤንድ ክሩ» ሰፋ ያለ ነው፤ ከሁለቱ ያንን ውሰዱ። መተግበሪያ ላይ የምታደምጡ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ትታችሁ የራሳችሁን ዝርዝር ሥሩ፤ አሥር ዘፈን ይበቃል።

መድረክ ላይ ስለማየት ለሚያስቡ፦ በ2014 ከዚህ በኋላ አንዞርም ብለው ውል ፈርመው፣ በዲሴምበር 31፣ 2015 ሎስ አንጀለስ ላይ ተሰናበቱ። ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ውል በቪዲዮ አፈነዱት፣ በ2022ም ከዴፍ ሌፐርድና ከፖይዝን ጋር ስታዲየም ለስታዲየም ዞሩ። የስንብት ቲኬት በውድ የገዛው ሰው ምን እንዳለ መገመት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚክ ማርስ ከጉብኝት ወጣ፤ ቦታውን ጆን ፋይቭ ያዘ፤ ማርስም በ2023 ባንዱን ፍርድ ቤት አቆመው። ለእኔ ያለ ማርስ ጊታር ግማሹ ነገር የለም፤ ገንዘቡን ለጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ባውለው እመርጣለሁ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ «ሻውት አት ዘ ዴቭል»ን ክፈቱ፣ የንግግሩን መግቢያ ዝለሉና ከሁለተኛው ጀምሩ። ሦስተኛው «ሉክስ ዛት ኪል» ነው። እሱ ሲያልቅ እግራችሁ ወለሉን እየመታ ከሆነ አልበሙን ጨርሱት፣ ነገ ወደ 1981፣ ከነገ ወዲያ ወደ 1989። ጊታሩ ጥሟችሁ ዘፋኙ ካናደዳችሁ የ1994ቱን ክፈቱ። ሁለቱም ካልሆነ ከዊትኒ ጋር ቆዩ።